በሲቪክ ወደ ክላርክስተን፦ ከኋላ ወንበር የታየች የቤተሰብ መኪና

ሁለተኛዋ ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ እኔና ባለቤቴ አንድ ነገር መወሰን አቅቶን ነበር። ሲቪካችንን ሸጠን ትልቅ መኪና እንግዛ ወይስ በያዝናት እንቀጥል? መኪናችን የ2022 ሆንዳ ሲቪክ ሴዳን ናት፤ ኢኤክስ የሚባለው ደረጃ። ሲቪክ ከ1972 ጀምሮ የሚሠራ መኪና ሲሆን ይኼኛው አሥራ አንደኛው ትውልድ ነው፤ ቅርጿም ውስጧም እንደ አዲስ የተሠራው በዚህ ሞዴል ነው። በምንኖርበት በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በተለይ ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የሚሰጠን ምክር ሁሌም አንድ ነው። «ሁለት ልጅ ይዛችሁማ በሴዳን አይሆንም። ሃይላንደር ግዙ፤ ካልሆነ ሲዬና።» ሁለቱም ባለ ሦስት ረድፍ ቶዮታዎች ናቸው፤ ሲዬና ሚኒቫን ነው።

ምክሩ ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ። የወር ክፍያውንና ኢንሹራንሱን የምንችለው ግን እኛ ነን። በ2023 ኦገስት ላይ ጆርጂያ፣ ክላርክስተን የምትኖረው እህቴ ወለደች። ከአገር ቤት መጥታ እኛ ጋ የሰነበተችው እናቴ እሷን ልታርስ መሄድ ነበረባት። በአውሮፕላን መላክ ይቻል ነበር፤ እኛ ግን በመኪና ልናደርሳት ወሰንን። ስንሄድ አምስት፣ ስንመለስ አራት። መኪናዋን ሞልቶም ጎድሎም ለማየት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም ብዬ ማስታወሻ እየያዝኩ ሄድኩ።

ሐሙስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ግሪንስቦሮ

ጠዋት መጀመሪያ ዕቃ ጫንን። የእናቴ ሻንጣዎች ሁለት ናቸው፤ አየር መንገዱ የሚፈቅደውን 23፣ 23 ኪሎ ሞልተው የመጡ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ለአራሷ የገንፎ ዱቄት፣ ለሕፃኑ መታቀፊያ ጋቢ፤ ምን የሌለ አለ! የመኪናዋ የኋላ ኮፈን 14.8 ኪዩቢክ ጫማ ይይዛል። ወደ 420 ሊትር መሆኑ ነው። ሁለቱ ሻንጣዎች ተጋድመው ገቡ። በቀረው ክፍተት የእኛን ልብስ በለስላሳ ቦርሳ አድርገን ጠቀጠቅነው። ትልቁ የልጅ ጋሪ ግን አልገባም። እሱን ቤት ትተን ቀላሏን ተጣጣፊ ያዝን።

ቀጥሎ የመቀመጫ ነገር መጣ። ልጃችን ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ናት። ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ ሕጉ ያስገድዳል። ወደ ኋላ የሚዞር የልጅ ወንበር ደግሞ ቦታ ይበላል፤ ከፊቱ ያለውን ወንበር ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ከጋቢናው ጀርባ አሰርነው። የስድስት ዓመቱ ልጄ በቡስተሩ፣ ከፍ በሚያደርገው የልጅ መቀመጫ፣ ከእኔ ጀርባ ሆነ። የቀረው መሃሉ ነው።

«እማዬ፣ እርስዎ ጋቢና ይግቡ። እኔ ከልጆቹ መሃል እሆናለሁ» አለች ባለቤቴ።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ተጨናንቀሽ እንዴት ትዘልቂዋለሽ?»

ባለቤቴ ቀጭን ናት። ያም ሆኖ ገብታ ቀበቶውን ለማሰር በቡስተሩና በጎኗ መካከል እጇን ማሾለክ ነበረባት። እግሯ ሥር ደግሞ በወለሉ መሃል የሚያልፈው ጉብታ አለ። አንድ እግሯን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጋ ተቀመጠች።

እዚህ ላይ ቁጥር ልጥቀስ። የዚህች ሲቪክ የኋላ የእግር ቦታ 37.4 ኢንች ነው፤ 95 ሴንቲ ሜትር። ሁላችንም የምንወዳት ኮሮላ፣ ከ2020 ጀምሮ በአዲስ ቅርጽ የወጣችው ሴዳን፣ 34.8 ኢንች ነው ያላት። ልዩነቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አይደለም። ወደ ኋላ የዞረ የልጅ ወንበር ሲታሰር ግን ጋቢና የተቀመጠው ሰው ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካል ወይስ አይነካም የሚለውን የሚወስነው ያ ነው። የእናቴ ጉልበት አልነካም። እኔን የመሰለ ረጅም ሰው ቢሆን ግን ተቸግሮ ነበር።

ዋሽንግተንን በሚዞረው ቤልትዌይ ዞረን 95 ቁጥር ሃይዌይን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ፈጣን መንገድ ኢዚ-ፓስ ፍሌክስ የሚባለው የመንገድ ክፍያ መሣሪያ ላለውና ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ለጫነ መኪና በነጻ ነው። ለኛ ለአምስቱ ጥሩ ሆነልን። ከጎን ያለው ሰልፍ ቆሞ እኛ እናልፋለን።

እናቴ መጀመሪያ ያስተዋለችው እይታውን ነው። «መንገዱ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል» አለች። እውነቷን ነው። ከዚህኛው በፊት በነበረው ሲቪክ የፊት መስታወቱ በጣም ዘንበል ያለ፣ ዳሽቦርዱም ከፍ ያለ ነበር። በአዲሱ የመስታወቱን ጎን የያዙትን ምሰሶዎች ወደ ኋላ ሳብ አድርገዋቸዋል። ስፖኪዮዎቹንም ከመስታወቱ ጥግ አንስተው በሩ ላይ ተክለዋቸዋል። የፊት ኮፈኑም ዝቅ ያለ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲታጠፉ እግረኛው በምሰሶው አይከለልም። ልጅ ጭኖ ለሚነዳ ሰው ይህ ከፈረስ ጉልበት ይበልጣል። አምራቾች በማስታወቂያቸው አጥብቀው ቢናገሩለት ደስ ባለኝ።

ከሪችመንድ በኋላ፣ ፒተርስበርግ ላይ፣ ወደ 85 ገባን። መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥድ። እዚህ ጋ የመኪናዋ ድክመት መሰማት ጀመረ። ሻካራ አስፋልት ላይ የጎማው ድምፅ ይገባል። ከፊት ያሉት ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ያወራሉ፤ ከኋላ ያለችው ባለቤቴ ግን ጨዋታው አመለጣት። ሌላው ነገር ሙቀት ነው። የኛ መኪና ለኋላ ወንበር የአየር መውጫ የላትም። የዳሽቦርዱ መውጫ ከዳር እስከ ዳር በማር እንጀራ ቅርጽ ተሸፍኖ በጣም ያምራል። ትንንሾቹን መዘውሮች ወደ ላይ ስናደርጋቸው ቀዝቃዛው አየር ከወንበሩ በላይ አልፎ ይደርሳል። ልጅቷ ግን ወደ ኋላ ዞራ፣ የወንበሯ ከለላ ሥር ነው ያለችው። ቶሎ ቶሎ አንገቷን እየዳሰስን ሄድን። የመስኮት መጋረጃ በጠዋቱ ለጥፈን ነበር፤ እሱ ባይኖር ፀሐዩ ከባድ ነበር።

ማረፊያ ላይ ስንቆም እናቴ ለመውረድ ተቸገረች። መኪናዋ ከመሬት እስከ ጣሪያ 141 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት። ወንበሩም ዝቅ ያለ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። በሩን ይዛ፣ እኔ ክንዷን ይዤ፣ ቀስ ብላ ተነሣች። «መኪናህ ጥሩ ናት ልጄ፤ ግን መሬት ላይ ነው የምታስቀምጠው» አለችኝ። ፍልሰታን ትጾም ስለነበር ገና ምሳ አልቀመሰችም። ይህን ስታየው የነበረው ባለቤቴ ዝም አለች። ዝምታዋ ገባኝ። ለእናቴ የሚሆነው ከፍ ያለ መቀመጫ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻችን ትክክል ናቸው።

ማታ ግሪንስቦሮ አደርን።

ዓርብ፦ ከግሪንስቦሮ ወደ ክላርክስተን

ሻርለት ጋ ትራፊክ ጠበቀን። እዚህ መኪናዋ ራሷ ፍጥነት የምትመጥንበትን ዘዴ ከፈትኩት። የፊት መኪና ሲቆም ትቆማለች፤ ሲሄድ ትከተላለች። ሆንዳ ይህን የደኅንነት ጥቅል ከርካሹ ደረጃ ጀምሮ ነው የሚያስገባው። የ2022 ሞዴል ሲወጣ የርካሹ ደረጃ መነሻ ዋጋ 21,700 ዶላር፣ የኛ ኢኤክስ 24,700 ነበር፤ ማጓጓዣው ሳይጨምር። ድሮ እንዲህ ያለው ነገር የሚገኘው ውድ መኪና ላይ ነበር። ዘዴው መንገዱን የሚያየው በአንድ ካሜራ ነው። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሰው ራሱ መንዳት አለበት፤ እግርን ከፍሬኑ አጠገብ ማራቅ አይገባም።

ደቡብ ካሮላይና ገብተን ጋፍኒ ስንደርስ ልጄ ጮኸ። በኮክ ቅርጽ የተሠራው የውኃ ማጠራቀሚያ ከመንገዱ ዳር ቆሟል፤ ከ1981 ጀምሮ እዚያው ነው። አንድ ሚሊዮን ጋሎን ይይዛል ስለው ማመን አቃተው። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ግሪር ላይ ትልቁ የቢኤምደብሊው ፋብሪካ አለ። የኛን ሴዳን የሠሯት ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ አሊስተን በምትባል ከተማ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ተገረመች፤ የጃፓን መኪና ናት ብላ ነበር። «ኮሮላ አይደለችም ማለት ነው?» ብላም ጠየቀች። በሷ ዘመን አስተማማኝ መኪና ማለት ዲኤክስ ኮሮላ ነው። እኔም አልከራከርም።

ነዳጅ ደቡብ ካሮላይና ላይ ሞላን፤ ከሜሪላንድ ዋጋው ይረክሳል። የነዳጅ ታንከሯ 12.4 ጋሎን ይይዛል። ተራውን ቤንዚን ትጠጣለች፤ ሞተሯ ተርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት የሚያስገባ ዓይነት፣ ነው ብሎ ውዱን መቅዳት አያስፈልግም።

አትላንታ መግቢያ ላይ፣ 85 እና 285 የሚጠላለፉበት ስፓጌቲ ጃንክሽን የሚሉት ቦታ፣ ድልድይ በድልድይ ላይ ነው። መስመር መቀየር ግድ ይላል። ስፖኪዮው ላይ የምትበራው ማስጠንቀቂያ እዚህ ዋጋዋን አሳየች። ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጦ ሳለ ትከሻ አዙሮ ማየት ብዙም አይጠቅምም፤ የሚታየው የልጅ ወንበርና የባለቤቴ ፀጉር ነው።

ክላርክስተን ስንደርስ ባለቤቴ ወርዳ ወገቧን ያዘች። ጠየቅኳት። «ለአንድ ሰዓት ይቻላል። ለሁለት ቀን ግን አይደለም» አለች። ይህን ቃል በቃል ጻፍኩት፤ ከኔ ፍርድ የሷ ይበልጣል፤ የተቀመጠችው እሷ ናት።

ቅዳሜ፦ ክላርክስተንና ዲኬተር

እናቴ ሌሊቱን ከአራሷ ጋር አድራ ጠዋት ገንፎ ስታገነፋ አገኘናት። እኛ ገበያ ወጣን።

ክላርክስተን ትንሽ ከተማ ናት፤ ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞች ይኖሩባታል። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት አይጠፋም። ዲኬተር ያለው ዲካልብ ፋርመርስ ማርኬት ደግሞ ትልቅ ነው። አትክልቱ፣ ቅመሙ፣ ቡናው ብዙ ነው። እዚያ ውለን ስንመለስ ስለ መኪናዋ የተማርኩት ከሃይዌዩ ይበልጣል። የዕለት ተዕለት ኑሮ ማለት ይኼ ነው። ልጅ ማውጣት፣ ልጅ ማስገባት፣ ጋሪ ማጠፍ፣ ከረጢት መጫን፤ ደግሞ እንደገና።

እናቴ ጋቢና ስትገባ ዝቅ ማለቷ ያስቸገረን መኪና፣ ለስድስት ዓመቱ ልጄ ግን አመቺ ናት። ራሱ በሩን ከፍቶ፣ ራሱ ወጥቶ፣ ቀበቶውን ራሱ ያስራል። የአማቼ፣ የእህቴ ባል፣ መኪና ባለ ሦስት ረድፍ ትልቅ ነው። እሱ ላይ ልጄ ሲወጣ ሰው መደገፍ አለበት። ልጅቷን ከወንበሯ ማንሣት ግን የተገላቢጦሽ ነው። በሲቪክ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ራስን ከጣሪያው ጠርዝ እያዳኑ ነው የሚነሣው። ጣሪያው ከኋላ ወደ ታች ስለሚወርድ በሩ ላይኛው ጠርዙ ዝቅ ይላል። ወገቡን የሚያመው ሰው ይህን ሳያይ አይግዛ።

ቦታ ማቆም ቀላል ነው። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ67 ነው። ገበያው ሞልቶ አማቼ ሲዞር እኛ ጠባብ ቦታ አግኝተን ገባን።

የአየር ማቀዝቀዣው መዘውሮች ደግሞ እውነተኛ መዘውሮች ናቸው። ይዞራል፣ ቀጭ ይላል፤ ዓይን ከመንገድ ሳይነሣ ይስተካከላል። የድምፁም እንዲሁ። ብዙ አዳዲስ መኪና ሁሉን ነገር ስክሪን ውስጥ በሚከትበት ጊዜ ይህን መጠበቃቸው አስደስቶኛል። ከኋላ ሕፃን እያለቀሰ ስክሪን ላይ ምልክት መፈለግ አደጋ ነው።

ማታ ከአማቼ ጋር ስለ ደኅንነት ተወያየን። እሱ ትልቅ መኪና ይሻላል ባይ ነው። በክብደት በኩል እውነት አለው፤ ትልቅና ትንሽ ሲጋጩ ትንሹ ይጎዳል። እኔ ያነሣሁለት ሌላ ነው። የኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም፣ አይአይኤችኤስ የሚባለው፣ የፊት ግጭት ፈተናውን ቀይሯል። አሁን ከነጂው ጀርባ የትንሽ ሴት ወይም የ12 ዓመት ልጅ መጠን ያለው አሻንጉሊት ያስቀምጣል። በጁላይ 2023 አምስት ትንንሽ መኪኖችን በዚህ ፈተነ። ሲቪክና ኮሮላ ሴዳኖች «ተቀባይነት ያለው» የሚለውን፣ ከላይ ሁለተኛውን ደረጃ አገኙ። ሌሎቹ ሦስቱ «ደካማ» ተባሉ። አንደኛ ደረጃ ያገኘ የለም። ለዘመናት ሲጠና የኖረው የፊት ወንበር ነው፤ ልጆቻችን የሚቀመጡት ግን ከኋላ ነው። መኪና ስንመርጥ መጠየቅ ያለብን ስለዚህ ስለ ኋላ ወንበር ነው።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ከሰዓት ዘመድ ጠየቅን። ስቶን ማውንቴን የሚባለውን የድንጋይ ተራራ ልጄ ከሩቅ አይቶ ረካ። መኪናዋ ብዙውን ጊዜ ቆማ ዋለች።

ሰኞ፦ በተራራው በኩል

እናቴን ሳምን፤ መርቃ ሸኘችን። አራት ሆነን ተነሣን። በመጣንበት መመለስ ስላልፈለግኩ ስፓርታንበርግ ላይ 26ን ይዤ ወደ ተራራው ታጠፍኩ።

ባለቤቴ አሁን ጋቢና ናት። ከኋላ ሁለቱ ልጆች ብቻ፤ መሃላቸው ብስኩትና መጽሐፍ። ሻንጣዎቹ ስለሌሉ የኋላ ኮፈኑ ግማሹ ባዶ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ መኪና የገዛን መሰለኝ። ባለቤቴ ጨዋታው ውስጥ ገባች፤ ልጅቷ ከእናቷ እጅ ውኃ ትቀበላለች፤ ማንም ማንንም አይገፋም።

ወደ ሳሉዳ የሚወጣው ዳገት 6 በመቶ የሚያህል ነው፤ ካሚዮኖቹ በቀኝ በኩል እያዘገሙ ይወጣሉ። ሞተራችን 1.5 ሊትር ተርቦ ሲሆን 180 የፈረስ ጉልበት አለው። ለኔ የሚገርመኝ ጉልበቱ ሳይሆን ቶሎ መምጣቱ ነው። ሞተሩ ሳይጮህ፣ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ይጎትታል። ማርሹ ሲቪቲ ነው፤ ደረጃ በደረጃ ሳይዘል ያለማቋረጥ የሚቀያየር አውቶማቲክ። ነዳጅ አጥብቆ ለረገጠ ሰው ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይጮሃል፤ በልስላሴ ለያዘው ግን መቀየሩ አይታወቅም። ልጆቹ ተኝተው ነበር፤ አልነቁም።

ከአሽቪል አልፎ የቴነሲ ድንበር ላይ ያለው ሳምስ ጋፕ የሚባለው የተራራ ማለፊያ 3,760 ጫማ ከፍታ አለው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ማርሹን ወደ ኤስ አድርጌ ሞተሩ እንዲይዛት አደረግኩ፤ ፍሬኑን ማቃጠል አልፈለግኩም። ኩርባዎቹ ላይ መኪናዋ መሬቱን ትይዛለች፤ አትወዛወዝም። ዝቅታዋ እናቴን ቢያስቸግርም እዚህ ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። በትልቅ መኪና ተራራ ላይ የሚያቅለሸልሸው ልጄ ዛሬ ደህና ነበር። ጆንሰን ሲቲ አደርን።

ማክሰኞ፦ ወደ ቤት

81 የካሚዮን መንገድ ነው። በሸናንዶዋ ሸለቆ ግራና ቀኝ ተራራው ያምራል፤ ዓይን ግን ከካሚዮኖቹ አይነሣም። ባለቤቴ ናት የነዳችው። መሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከመስመር ወጣ ሲል ይነዝራል። ስትራስበርግ ላይ 66ን ይዘን ቤታችን ገባን።

የነዳጁን ሒሳብ ሠራሁ። ሞልተን ስንሄድም፣ ተራራ ስንወጣም፣ ትራፊክ ስንቆምም ተደምሮ በጋሎን 38 ማይል ገደማ መጥቷል። በኛ አቆጣጠር በሊትር 16 ኪሎ ሜትር ነው። መንግሥት የሚለጥፈው የኢኤክስ የሃይዌይ ቁጥር 42፣ የአማካዩ 36 ነው። አምስት ሰውና 46 ኪሎ ሻንጣ ጭኖ ለሄደ መኪና ይህ በጣም ጥሩ ነው።

ያን ማታ ወሰንን፤ አንሸጣትም። እኛ ዓመቱን ሙሉ አራት ነን። ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፤ ለዚህ ሁሉ ትበቃለች። እናቴ ለገና ወደኛ ስትመጣ ለነዚያ ጥቂት ቀናት ሚኒቫን እንከራያለን፤ ኪራዩ የአዲስ ትልቅ መኪና የአንድ ወር ክፍያ አይደርስም። ሦስተኛ ልጅ የሚጠብቅ ወይም ጉልበቱን የሚያመው ወላጅ አብሮት የሚኖር ሰው ግን በዚህች መኪና አይቸገር። ሚኒቫን ይግዛ።

ይህን ትውልድ ያገለገለ መግዛት ለምታስቡ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። በኦክቶበር 2024 ሆንዳ ከ2022 እስከ 2025 ያሉ ሲቪኮችን ጨምሮ ወደ 1.7 ሚሊዮን መኪና ለመሪ ጥገና ጠርቷል። በመሪው ሳጥን ውስጥ ያለ ጥርስ ሰበቃ እየፈጠረ መሪውን ሊያከብደው ስለሚችል ነው። ጥገናው በነጻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻሲ ቁጥር በፌዴራል የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አስገብታችሁ መሠራቱን አረጋግጡ። ሁለተኛው፣ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሃይብሪድ ሴዳን መጥቷል፤ አማካዩ በጋሎን 49 ማይል ነው። ነዳጁ ያጓጓል፤ ግን ስኮርታ ጎማ የለውም፤ የሚሰጠው የጎማ መጠገኛ ዕቃ ነው። እንደኛ ሌሊት በገጠር ሃይዌይ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

ሻጩ ጋ ስትሄዱ የልጃችሁን ወንበር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ከጋቢናው ጀርባ እሰሩት። ከቤተሰቡ ረጅሙ ሰው ጋቢና ይቀመጥ፤ እናንተ ደግሞ ከኋላ መሃል ላይ ገብታችሁ በሩን ዝጉ። ሩብ ሰዓት እንደዚያ ተቀመጡ። ሞተሩን ከዚያ በኋላ ትሞክሩታላችሁ።